ሮቨሩ ፊክስድ አልሰጥ ሲል፦ የቅየሳ ሪሲቨር የሲግናል ችግር አፈላለግ

ሮቨሩ (ነጥብ እየዞሩ የሚለኩበት ተንቀሳቃሽ ሪሲቨር) ወደ ፊክስድ፣ ማለትም ወደ ሴንቲ ሜትሩ መፍትሔ፣ ሳይደርስ ገና ባልጠራው ፍሎት ላይ ተቸንክሮ አልላቀቅ ሲል የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ማጥፊያው ቁልፍ ነው። እሱ ካልሠራ ኤለቬሽን ማስኩ (ከዚህ ዲግሪ በታች ያለ ሳተላይት አይቆጠር የሚለው ወሰን) ይወርዳል፣ ጆቡ እንደ አዲስ ይከፈታል፣ በመጨረሻም ሪሲቨሩ ወደ ፋብሪካ መቼቱ ይመለሳል። ችግሩ ቢፈታ እንኳ ምን እንደነበረ ስለማይታወቅ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

መቼት ከመንካት በፊት መልስ የሚፈልግ አንድ ጥያቄ አለ፦ የጠፋው ሲግናል ከሰማይ የሚመጣው ነው ወይስ ከቤዝ፣ ማለትም በሚታወቅ ነጥብ ላይ ከቆመው ሪሲቨር፣ የሚመጣው? አርቲኬ (የሮቨሩን ቦታ በቤዙ እርዳታ እዚያው በሴንቲ ሜትር የሚያወጣው ዘዴ) ያለ ሁለቱም አይሠራም፤ ኮንትሮለሩ (በእጅ የሚያዘው ስክሪን) ግን የአንዱንም የሌላውንም መጥፋት የሚናገረው በአንድ ቃል ነው። የሚከተለው ቅደም ተከተል ይህን ለመለየት የተዘጋጀ ነው። ቤዝና ሮቨር ይዞ በሬዲዮ ለሚሠራም፣ ሮቨር ብቻ ይዞ ኮረክሽን (ከቤዝ የሚላከውን ማረሚያ) በኢንተርኔት ለሚቀበልም ያገለግላል።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳይነኩ ስክሪኑን ማንበብ

ፖሉን በባይፖድ (ባለ ሁለት እግር መደገፊያ) ያቁሙ፣ አረፋውን መሃል ያድርጉ፣ ከሪሲቨሩ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለው ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ እነዚህን ይመዝግቡ፤ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ማንሳትም ይበቃል።

1. የመፍትሔው ዓይነት፦ ሲንግል (ኮረክሽን የሌለው)፣ ዲጂፒኤስ (ሻካራ እርማት ያለው)፣ ፍሎት ወይስ ፊክስድ።
2. የተያዙት ሳተላይቶች ብዛት፣ እንዲሁም ስሌት ውስጥ የገቡት ብዛት። ሁለቱ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው።
3. ፒዶፕ (የሳተላይቶቹ አቀማመጥ ለልኬት ምን ያህል እንደሚመች የሚናገር ቁጥር፤ ሲያንስ ይሻላል)።
4. የኮረክሽን ዕድሜ በሰከንድ።
5. የእያንዳንዱ ሳተላይት ኤስኤንአር (የሲግናሉ ጥንካሬ) በየፍሪኩዌንሲው። አንዳንድ ኮንትሮለሮች ሲኤንኦ ይሉታል፤ መለኪያው ዲቢ-ሄርዝ ነው።

ብዙ ሰው የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ጂፒኤስን፣ ግሎናስን፣ ጋሊሊዮንና ቤይዱን አንድ ላይ የሚቀበል ሪሲቨር ሜዳ ላይ ከ30 በላይ ሳተላይት መያዙ አያስገርምም፤ ስለዚህ ብዛቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በ32 ዲቢ-ሄርዝ የሚንጠላጠሉ 30 ሳተላይቶች ከሚኖሩ በ46 የቆሙ 12 ይሻላሉ። ወሳኙ አምስተኛው ነው።

ሳተላይቶቹ የሚያሰራጩባቸው ፍሪኩዌንሲዎች ኤል1፣ ኤል2 እና ኤል5 ይባላሉ። ሰማዩ ክፍት ሲሆን በኤል1 ከአናት አካባቢ ያለ ሳተላይት ከ45 እስከ 50 እና ከዚያም ትንሽ በላይ ያሳያል። ከአድማስ 10 እና 20 ዲግሪ መካከል ያለው ከ35 እስከ 40 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ከ30 በታች የወረደ ሳተላይት ሞገዱን መያዝና መልቀቅ ይጀምራል፤ በለቀቀ ቁጥር የዑደት ቆጠራው ይበጠሳል፣ ፊክስድም አብሮት ይሄዳል። አንድ ማሳሰቢያ፦ የድሮው ኤል2ፒ ሲግናል ከኤል1 በብዙ ዝቅ ብሎ መታየቱ የተፈጥሮው ነው። ሪሲቨሩ ኮዱን ሳያውቅ በተዘዋዋሪ ስለሚይዘው ኃይል ይባክናል። እሱን አይቶ አንቴና መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ማነጻጸር ያለብዎት ኤል2ሲን ወይም ኤል5ን ነው።

አሁን ምልክቶቹን አንድ ላይ ያንብቡ።

ሳተላይቶቹ ጥቂት ወይም ደካማ ከሆኑ ችግሩ የሰማይ ወገን ነው፤ ከደረጃ 2 እስከ 5 ይሂዱ።

ሳተላይቶቹ ብዙና ጠንካራ ሆነው መፍትሔው ሲንግል ከሆነ ኮረክሽን ጭራሽ አልደረሰም። በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ይዝለሉ፤ አንቴናውን መፈታታት ጊዜ ማባከን ነው።

የተያዙት 35 ሆነው ስሌት ውስጥ የገቡት 9 ወይም 10 ብቻ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ቤዙ የሚልከው የአንድ ወይም የሁለት ሥርዓት ኮረክሽን ብቻ ነው። ሮቨሩ መጠቀም የሚችለው ቤዙም እሱም የሚያዩትን ሳተላይት ነው።

ኤስኤንአሩ ጥሩ፣ ዕድሜው 1 ወይም 2 ሰከንድ ሆኖ ፍሎት ላይ ከቆመ ጥርጣሬው ወደ ቤዙ፣ ወደ ነጸብራቅ ወይም ወደ አዮኖስፌር ይሄዳል።

ደረጃ 2፦ ቦታ መቀየር

ሪሲቨሩን በዙሪያው ምንም ወደሌለበት ሜዳ ይውሰዱ፣ 10 ደቂቃ ይተዉት፣ እንደገና ያንብቡ። እዚያ ፊክስድ ከሰጠ መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የሚለካው ነጥብ አካባቢ ነው። ሜዳ ላይም ካልተሻለው ሰማዩን መውቀስ ይቁም።

ሜዳ ሲባል ልኬት አለው። ከአድማስ 15 ዲግሪ በላይ ምንም እንዳይጋርድ፣ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ወይም ዛፍ ቢያንስ 37 ሜትር መራቅ አለበት። 20 ሜትር ለሆነ ሕንጻ 75 ሜትር ይያዙ።

የሚጋርድ ነገር ሳተላይት ያሳጣል፤ ያንን ስክሪኑ ላይ ያዩታል። የሚያንጸባርቅ ነገር ግን ሳተላይቱን ሳያሳጣ ልኬቱን ያበላሻል፣ ስለዚህ ይበልጥ አደገኛ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የቆመ መኪና፣ የብረት አጥር፣ የመስታወት ግንብና የተኛ ውሃ ዋናዎቹ ናቸው። የኤል1 ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ነጸብራቅ የሞገዱን ልኬት እስከ ሩቡ፣ ማለትም ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ሊያዛባ ይችላል። የኮዱን ልኬት ደግሞ በሜትሮች ያዛባል። ምልክቱ ኤስኤንአሩ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። ቤዙን ከመኪናው አጠገብ ማቆም የተለመደ ስንፍና ነው፤ ኬብሉ እስከፈቀደ ያርቁት።

ከዛፍ ሥር የሚወሰድ ነጥብ የራሱ ጣጣ አለው። ቅጠል ሲግናሉን ያዳክማል፣ እርጥብ ቅጠል ደግሞ የበለጠ። ፖሉን ወደ 3 ወይም 4 ሜትር ማስረዘም አንዳንዴ ይረዳል፣ ግን የፖሉ መዘንበል አብሮ ስለሚያድግ ባይፖድ ግዴታ ነው። ካልሆነ ከዛፉ ውጭ እርስ በርስ የሚተያዩ ሁለት ነጥቦች በአርቲኬ ይያዙና የተሸፈነውን በቶታል ስቴሽን (ያለ ሳተላይት ማዕዘንና ርቀት በሚለካው መሣሪያ) ይውሰዱ። ፍሎት ላይ ሆኖ ግማሽ ሰዓት ከመለመን ይህ ይፈጥናል።

ፒዶፕ ከ4 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ6 ካለፈ ለቅየሳ አይሆንም። ሳተላይቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ማስኩን ከ10 ዲግሪ በታች አውርዶ ቁጥሩን ማሳመር ግን መፍትሔ አይደለም፤ ከአድማስ የሚገባው ሳተላይት ረጅም አየር ያቋረጠና ለነጸብራቅ የተጋለጠ ነው።

ደረጃ 3፦ አንቴናና ኬብል

አንቴናና ሪሲቨሩ አንድ ላይ የተሠሩ ከሆኑ እዚህ የሚሠሩት ሥራ ትንሽ ነው። የክዳኑን ስንጥቅ፣ የወደቀበትን ምልክት፣ በመስኮቱ ወይም በባትሪ ቤቱ ውስጥ የሚታይ ጤዛ ይፈልጉ። ክዳኑ ላይ የብረት ቀለም ወይም የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ካለ ያንሱት። የዝናብ መከላከያ ላስቲክ ራሱ ብዙ አይጎዳም፤ ላዩ ላይ የተኛው ውሃ ነው የሚያዳክመው። የኮንትሮለሩ መያዣ ወደ ሪሲቨሩ ተጠግቶ ከታሰረ ወደ ታች ያውርዱት፣ አንድ ሜትር ርቀት ይኑረው።

አንቴናው በኬብል የሚገናኝ ከሆነ ግን ከአስር ችግር አብዛኛው ከኬብሉና ከኮኔክተሩ ነው ብሎ መነሳት አያሳፍርም። እንዲህ ያጣሩ፦

1. ሪሲቨሩን ያጥፉ። ሁለቱንም ኮኔክተሮች ይፍቱና መሃል ያለውን ፒን ይመልከቱ። የጎበጠ፣ ወደ ውስጥ የገባ ወይም አረንጓዴ ዝገት የያዘ ፒን ሲግናል ይበላል።

2. የኮኔክተሩን ዓይነት ያረጋግጡ። ቲኤንሲ እና አርፒ-ቲኤንሲ የሚባሉት በጥርስ ይገጥማሉ፣ በመሃል ግን አይገናኙም፤ የአንዱ ፒን ከሌላው ተገላቢጦሽ ነው። ጥሩ ታስሯል ብለው ባዶ ኬብል ይዘው ሊውሉ ይችላሉ።

3. በቴስተር ኬብሉን ብቻውን ይለኩ። ከመሃል እስከ መሃል ዜሮ ኦም ገደማ፣ ከመሃል እስከ ውጭው ሽፋን ምንም ግንኙነት የሌለው መሆን አለበት።

4. ሪሲቨሩን ያብሩና የአንቴና መግቢያውን የዲሲ ቮልቴጅ ይለኩ። በአንቴናው ውስጥ ያለው ማጉያ የሚሠራው ሪሲቨሩ በኬብሉ መሃል በሚልክለት ኤሌክትሪክ ነው። ብዙ ጊዜ 5 ቮልት ነው፤ እንደ ሥሪቱ ከ3.3 እስከ 12 ሊሆን ይችላል። የቴስተሩ ጫፍ መሃሉንና ሽፋኑን አንድ ላይ እንዳይነካ ይጠንቀቁ፣ የኃይል መስጫው ሊቃጠል ይችላል።

5. ኬብሉን ሪሲቨሩ ላይ ያስሩና በሌላኛው ጫፍ ይለኩ። መግቢያው ላይ 5 ቮልት ኖሮ ጫፉ ላይ ከሌለ ኬብሉ ውስጡ ተበጥሷል። ኬብሉ ሲታሰር መግቢያው ራሱ ዜሮ ከሆነ ኬብሉ ሾርት አድርጓል። ጫፉ ላይ ደህና ሆኖ አንቴናው ሲታሰር ብቻ ቮልቴጁ ከወደቀ ጥፋቱ የአንቴናው ነው።

በዚህ ሁሉ ያለፈ ኬብል አሁንም ጤነኛ ላይሆን ይችላል። ውሃ የገባበት ኬብል ኤሌክትሪኩን እያሳለፈ ሲግናሉን ያስቀራል፤ ቴስተር ይህን አያይም። የሚያዋጣው ከሚሠራ መሣሪያ ኬብል ተውሶ መቀየርና ኤስኤንአሩን ማነጻጸር ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ኬብሉንና አንቴናውን አብሮ የቀየረ ሰው የትኛው እንደተበላሸ አያውቅም።

ርዝመትም አለ። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ኬብል በኤል1 ፍሪኩዌንሲ በሜትር ከ0.7 ዲቢ ያላነሰ ይበላል፤ 30 ሜትር ሲሆን ከ20 ዲቢ በላይ ነው። ኤልኤምአር-400 በዚያው ርዝመት የሚበላው 5 ዲቢ ያህል ብቻ ነው። ከአምስት ሜትር ለበለጠ ቋሚ ቤዝ ቀጭኑን አይጠቀሙ። 75 ኦም የሆነው የቴሌቪዥን ኬብል ደግሞ ለዚህ የተሠራ አይደለም፤ የቅየሳ ሪሲቨርና አንቴና 50 ኦም ናቸው። መሃል ላይ የመብረቅ መከላከያ ወይም ሲግናል ከፋይ ካለ ዲሲውን ማሳለፉን ያረጋግጡ፤ ብዙ ከፋዮች ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉት በአንዱ በር ብቻ ነው። ውጭ የሚቀር ኮኔክተር በራሱ ላይ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ይጠቅለል፣ ውሃው በመደራረቢያው ላይ እንዲወርድ።

ደረጃ 4፦ ጣልቃ ገብ ሞገድ

የጂፒኤስ ሲግናል ከ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ሲደርስ ከሪሲቨሩ የራሱ የሙቀት ድምፅ በታች ነው። ስለዚህ እዚህ ግባ የማይባል ዕቃ ሊያፍነው ይችላል። መለያው ግልጽ ነው፦ ግንብ ወይም ዛፍ የአንድ አቅጣጫ ሳተላይቶችን ያዳክማል፤ ጣልቃ ገብ ሞገድ ግን አናት ላይ ያሉትን ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያወርዳል። ብዙ ጊዜም አንዱን ፍሪኩዌንሲ ለይቶ ይመታል፤ ኤል1 ከ47 ወደ 36 ወርዶ ኤል5 ንቅንቅ ካላለ አንቴናውን ይተዉትና አካባቢዎን ይመርምሩ።

በመጀመሪያ በራስዎ ዕቃ ይጀምሩ። ካሜራ፣ ዩኤስቢ 3 ኬብል፣ ላፕቶፕ፣ ርካሽ የመኪና ቻርጀር፣ የኤልኢዲ መብራት፣ ሁሉንም ያጥፉና አንድ በአንድ እየመለሱ ኤስኤንአሩን ይከታተሉ። በድሮንና በመኪና ላይ በተገጠመ አንቴና አብዛኛው ጥፋት ከዚህ ወገን ይገኛል።

ከዚያ ሬዲዮዎች ይመጣሉ። የእጅ ሬዲዮ ወይም የቤዙ ዩኤችኤፍ በ409.2 ሜጋ ሄርዝ አካባቢ ቢያሰራጭ ሦስተኛው ሃርሞኒክ (የፍሪኩዌንሲው ሦስት እጥፍ) በትክክል 1227.6 ላይ፣ ማለትም ኤል2 ላይ ይወድቃል። ቻናል መቀየርና አንቴናዎቹን ማራራቅ ይፈታዋል። የኢሪዲየም ሳተላይት ስልክ ከ1616 ሜጋ ሄርዝ ጀምሮ ስለሚሠራ ከግሎናስ ኤል1 ጎን ነው፤ ሲደወል ግሎናስ ብቻ ከወደቀ ስልኩን ያርቁ። ከ1240 እስከ 1300 ያለው የአማተር ሬዲዮ ባንድ ደግሞ ጋሊሊዮ ኢ6ን ይነካል።

ምንጩ የማይታወቅ ከሆነ ሪሲቨሩን ደረትዎ ላይ ይያዙና ቀስ ብለው ይዙሩ። ሰውነትዎ ከምንጩ ሲከልለው ኤስኤንአሩ ትንሽ ያገግማል፤ ያኔ ምንጩ ከጀርባዎ ነው። በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ደግመው አቅጣጫዎቹ የሚገናኙበትን ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ማጉያ ያለው የቴሌቪዥን አንቴና፣ የብየዳ ማሽን ወይም ክትትል የሚያመልጥ ሹፌር መኪናው ላይ የሰካው አፋኝ ሆኖ ይገኛል። በመኪና ያለው መጥቶ ስለሚሄድ ችግሩ በደቂቃዎች ይጠፋል። ማፈኛ መጠቀም በአብዛኛው አገር ሕገወጥ ስለሆነ የሚደጋገም ከሆነ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፎ ለፍሪኩዌንሲ ተቆጣጣሪው ማሳወቅ ነው።

የሁሉም ሳተላይት ኤስኤንአር በአንድ ዓይነት ቁጥር ከፍ ብሎ፣ ሰዓቱ ወይም ቦታው በድንገት ከዘለለ ግን የሐሰት ሲግናል ሊሆን ይችላል። ሥራውን ያቁሙ፤ የተመዘገበውንም አይመኑ።

ደረጃ 5፦ የሪሲቨሩ ውስጥ

በመቼቱ ውስጥ ሁሉም የሳተላይት ሥርዓቶች መከፈታቸውን፣ ኤለቬሽን ማስኩ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፣ የኤስኤንአር ማስክ ካለ ከ30 እስከ 35 መካከል መሆኑን ይመልከቱ። በሌላ ሰው እጅ የቆየ መሣሪያ ማስኩ 25 ተደርጎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ግሎናስ ወይም ጋሊሊዮ ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ፈቃዱ አልተከፈተ ወይም ጊዜው አልፎ ይሆናል።

ለወራት ተቀምጦ የነበረ ወይም ከሩቅ አገር የመጣ ሪሲቨር በመጀመሪያ ሳተላይት ለመያዝ ቢዘገይ ብልሽት አይደለም። የአንድ ሳተላይት የምሕዋር መረጃ (ኢፌሜሪስ) ለመውረድ 30 ሰከንድ ይፈልጋል፣ የሁሉም ሳተላይቶች ጥቅል መረጃ የሆነው ሙሉው አልማናክ ደግሞ 12.5 ደቂቃ። አልማናኩንና ኢፌሜሪሱን ያጽዱ፣ ሜዳ ላይ 15 ደቂቃ ሳያንቀሳቅሱ ይተዉት።

ቀኑንም ይመልከቱ። ጂፒኤስ ሳምንታትን የሚቆጥረው እስከ 1024 ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ቆጠራው ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ዜሮ ተመልሷል። ፈርምዌሩ (የውስጥ ሶፍትዌሩ) ያልታደሰ የድሮ ሪሲቨር ወደ 19 ዓመት ተኩል የሚሆን ወደ ኋላ የቀረ ቀን ያሳያል። ቦታው ደህና ሊመስል ይችላል፤ የስታቲክ (አንድ ቦታ ቆሞ የተመዘገቡ) ፋይሎቹ ግን በተሳሳተ ቀን ስለሚቀመጡ ፖስት ፕሮሰሲንግ (በኋላ ቢሮ ውስጥ የሚሠራው ስሌት) ላይ የሚያያይዛቸው ኦርቢት አይገኝም። መድኃኒቱ የፈርምዌር ማደስ ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ ኮረክሽኑ

"ሳተላይት የለም" ተብሎ ከሚመጣው ቅሬታ ብዙው የሚያልቀው እዚህ ነው። የኮረክሽን ዕድሜውን ይዩ። 1 ወይም 2 ሰከንድ ላይ ቆሞ ከቀጠለ መስመሩ ጤነኛ ነው። እስከ 5፣ 8፣ 12 እየወጣ ከተመለሰ መስመሩ ይቆራረጣል። ያለማቋረጥ ከጨመረ ሞቷል።

በሬዲዮ ለሚሠራ

ቤዙና ሮቨሩ በፍሪኩዌንሲ፣ በቻናል ስፋት (12.5 ወይም 25 ኪሎ ሄርዝ)፣ በፕሮቶኮል፣ በአየር ላይ ፍጥነት (9600 ወይም 19200) እና በስሕተት ማረሚያው መከፈት ወይም መዘጋት አንድ መሆን አለባቸው። የሮቨሩ መቀበያ መብራት በየሰከንዱ ብልጭ እያለ ኮረክሽን ከሌለ ፍሪኩዌንሲው ትክክል ነው፤ ፕሮቶኮሉ ወይም ፍጥነቱ ነው የተለያየው። መብራቱ ጭራሽ ካልበራ ፍሪኩዌንሲውን፣ አንቴናውን፣ ርቀቱን በቅደም ተከተል ያጣሩ።

የዩኤችኤፍ አንቴናው ለሚሠሩበት ባንድ የተቆረጠ መሆን አለበት። ከ410 እስከ 430 ለተሠራ አንቴና 465 መስጠት ኃይሉን ወደ ሬዲዮው መመለስ ነው። ሬዲዮውን ያለ አንቴና በፍጹም አያብሩ፤ ማጉያው ይቃጠላል። ርቀት ሲያጥር ደግሞ ዋት ከመጨመር አንቴና ከፍ ማድረግ ይቀድማል። ሮቨሩ 2 ሜትር ላይ ሆኖ የቤዙ ሬዲዮ አንቴና ከ2 ወደ 5 ሜትር ቢነሣ ለጥ ባለ ሜዳ የመተያያ ርቀቱ በስሌት ከ12 ወደ 15 ኪሎ ሜትር ያድጋል። ኮረብታና ሕንጻ ሲገባ ከዚህ በብዙ ያጥራል። የሬዲዮውን አንቴና ከቤዙ ሪሲቨር ቢያንስ ጥቂት ሜትሮች ያርቁ።

35 ዋት ሬዲዮ በሚያሰራጭበት ቅጽበት ከባትሪው ብዙ አምፔር ይስባል። ሙሉ ባትሪ ያለ ጭነት 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሬዲዮው ሲያሰራጭ ከ11 በታች ከወደቀ ባትሪው ደክሟል ወይም ገመዱ ቀጭን ነው። ውጤቱ ሮቨሩ ላይ በየጊዜው የሚጠፋ ኮረክሽን ሆኖ ስለሚታይ ሰው የሚጠረጥረው ሮቨሩን ነው።

በኢንተርኔት ለሚሠራ

እነዚህን ያጣሩ፦ የሲሙ ሂሳብ፣ ኤፒኤን (የሞባይል ኢንተርኔቱ መግቢያ ስም)፣ የሰርቨሩ አድራሻ፣ ፖርት (በብዛት 2101)፣ ማውንት ፖይንት (ሰርቨሩ ላይ የሚመረጠው የኮረክሽን ምንጭ)፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል። የስሕተቱ መልእክት ብዙ ይነግራል። 401 ከመጣ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ነው። በኮረክሽን ፈንታ የጣቢያዎች ዝርዝር ከመጣ የማውንት ፖይንቱ ስም ተሳስቷል፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል። ተገናኝቶ ምንም ዳታ ካልመጣ ወይ ያው አካውንት በሌላ መሣሪያ ተከፍቷል፣ ወይም ሮቨሩ የራሱን ቦታ የሚናገረውን ጂጂኤ መልእክት አይልክም። የኔትወርክ ኮረክሽን ሰርቨሩ የሮቨሩን ቦታ ሳያውቅ ምንም አያሰላም።

ለሁለቱም

የአርቲሲኤም (ኮረክሽኑ የሚላክበት ቅርጸት) መልእክቶቹን ዝርዝር ይክፈቱ። 1005 ወይም 1006 የቤዙን መጋጠሚያ ይይዛል፤ ከሌለ ሮቨሩ ፊክስድ ማውጣት አይችልም። በየሰከንዱ ላይላክ ስለሚችል ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ። 1004 እና 1012 ብቻ ከመጡ ጂፒኤስና ግሎናስ ብቻ ነው ያለዎት። አራቱም ሥርዓቶች እንዲመጡ 1074፣ 1084፣ 1094 እና 1124፣ ወይም በ7 የሚያልቁት አቻዎቻቸው መታየት አለባቸው። ቤዙና ሮቨሩ ከተለያየ አምራች ሆነው ፍሎት ላይ ከቀሩ መጀመሪያ ግሎናስን ዘግተው ይሞክሩ። የግሎናስ ሳተላይቶች በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ስለሚያሰራጩ በአምራቾች መካከል ልዩነት ይፈጠራል፤ ያንን የሚያርመው 1230 የሚባለው መልእክት ካልተላከ ስሌቱ ይጋጫል።

በመጨረሻም ወደ ቤዙ በእግርዎ ሄደው ስክሪኑን ያንብቡ። ቤዙ ከግንብ ሥር ከሆነ ሮቨሩ ሜዳ ላይ መሆኑ አይረዳውም። የገባለት መጋጠሚያም ይመርመር፤ ስሕተቱ 10 ሜትር ሲሆን ልኬቱ ላይ እስከ 1 ፒፒኤም (በኪሎ ሜትር 1 ሚሊ ሜትር) ይጨምራል፣ በመቶ ሜትሮች ከሆነ ሮቨሩ ጭራሽ ፊክስድ ላይሰጥ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ሁሉም ጤነኛ ሆኖ አሁንም ካልሠራ

አዮኖስፌር፣ ማለትም ሲግናሉ የሚያቋርጠው ኤሌክትሪክ ያዘለ የላይኛው አየር፣ ቀረ። ከመግነጢሳዊው ምድር ወገብ ግራና ቀኝ እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ባለው ቀጠና፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሲግናሉ ይርገበገባል። የአናት ሳተላይት ኤስኤንአር በሰከንዶች ውስጥ 10 ዲቢ ወጥቶ ይወርዳል፣ ኤል2 እና ኤል5 ከኤል1 ይብሳሉ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወቅቶች፣ ማርችና ሴፕቴምበር አካባቢ ይበረታል፤ ፀሐይ ንቁ በሆነችባቸው ዓመታትም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ሜይ 10 እና 11 ቀን 2024 የነበረው የመግነጢስ ማዕበል በሳተላይት (ጂኤንኤስኤስ) የሚመሩ የእርሻ ትራክተሮችን ሳይቀር ሥራ አስፈትቷል። በአካባቢው ያለ ሌላ ሪሲቨርም እኩል ከተቸገረ ከዚህ ይቁጠሩት። የቤዝ ርቀቱን ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ያሳጥሩ፣ ወሳኝ ነጥቦችን ጠዋት ይያዙ፣ ወይም በስታቲክ ረዘም ላለ ጊዜ ይመዝግቡ። አንዳንድ ሪሲቨሮች ለዚህ የተለየ ሞድ አላቸው፤ ካለ ይክፈቱት፣ ተአምር ግን አይጠብቁ።

ፊክስድ ከተመለሰ በኋላ

ወዲያው ነጥብ መሰብሰብ አይጀምሩ። ከደካማ ሲግናል ውስጥ የወጣ ፊክስድ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሞገዱ በአንድ ዑደት ከተሳሳተ ልኬቱ በዴሲ ሜትሮች ይስታል፣ ስክሪኑ ግን 1 ሴንቲ ሜትር ይላል። የሚታወቅ መቆጣጠሪያ ነጥብ ላይ ይቁሙና ያነጻጽሩ። ከዚያ ፊክስዱን ሆን ብለው ያቋርጡ (ሪሲቨሩን ወደ መሬት ማዞር ይበቃል)፣ እንደገና ሲመጣ ያንኑ ነጥብ ይለኩ። ሁለቱ በአግድም ከ2፣ በከፍታ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ አልተፈታም። የፖል መዘንበልን የሚያርም ሴንሰር ካለ በዚህ ፍተሻ ጊዜ ይዝጉት። ለወሰን ድንጋይና ለመቆጣጠሪያ ነጥብ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሦስተኛ ልኬት ይጨምሩ።

መሣሪያው ወደ ጥገና ከሄደ ሜዳ ላይ የተመዘገበ የ30 ደቂቃ ጥሬ ፋይል፣ የፈርምዌሩን ቁጥር፣ የደረጃ 1 ፎቶዎችንና የትኛው ዕቃ ተቀይሮ ምን እንደተለወጠ የሚገልጽ ወረቀት አብሮ ይላኩ። ከኬብል ጋር የሚሠራ ከሆነ ኬብሉንም ይጨምሩ፤ ያለ ኬብሉ የሄደ ሪሲቨር "ችግር አልተገኘበትም" ተብሎ ይመለሳል።